መሣሪያ ይዞ ስቴት መቀየር፦ ከጋርላንድ እስከ ሲልቨር ስፕሪንግ

የአክስቴ ልጅ ከቴክሳስ ደወለልኝ። ዳላስ አጠገብ፣ ጋርላንድ ነው የሚኖረው። ሚስቱ ሜሪላንድ ውስጥ ሥራ አግኝታ ሲልቨር ስፕሪንግ አፓርታማ አይተዋል። ስለ ልጆቹ ትምህርት ቤት ጠየቀኝ፣ ስለ ኪራዩ ጠየቀኝ፣ የእንጀራ ዋጋ እንኳ አልቀረውም። ልንሰነባበት ስንል "ቆይ፣ አንድ ነገር ረስቼ" አለኝ። "መሣሪያዎቼን በምን ላምጣቸው?"

"ምን ምን አለህ?"

"ሁለት ሽጉጥ። አንድ ኤአር 15 ጠመንጃ። አንድ ደግሞ ክላሽ።" ትንሽ ዝም አለና ጨመረ። "ክላሹን ብዙም አልተኮስኩበትም። አባቴን ያስታውሰኛል ብዬ ነው የገዛሁት።"

"ወንድሜ፣ ሁሉንም ማምጣት አትችልም።"

"እንዴ! ሕጋዊ ናቸው እኮ። ባክግራውንድ ቼክ አልፌ፣ ደረሰኝ ተቀብዬ ነው የገዛሁት።"

እውነቱን ነው፣ ሕጋዊ ናቸው። ግን ሕጋዊ የሆኑት ቴክሳስ ውስጥ ነው። ይህ ነገር ብዙ ሰው ላይ ሲያደናግር አይቻለሁ። ስለዚህ ለእሱ በስልክ ያስረዳሁትን ለእናንተም በሰፊው ልጻፍላችሁ። የምጠቅሳቸው ዓመቶች፣ የእኛ ነው ካላልኩ በስተቀር፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። እኔ ጠበቃ አይደለሁም። ጠበቃ የሚያስፈልግበት ቦታ ላይ ስንደርስ እነግራችኋለሁ።

ከመሠረቱ እንጀምር። እኛ አገር በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1177 አንድ ሆኖ ለመላው ኢትዮጵያ ነው የሚሠራው። ጎንደር ያለውም ጅማ ያለውም በዚያው አዋጅ ነው የሚዳኘው። አሜሪካ እንዲህ አይደለም። ለተራ ሽጉጥና ጠመንጃ አገር አቀፍ የባለቤትነት ፈቃድ የሚባል ነገር የለም። የፌዴራሉ ሕግ ማን መግዛት እንደማይችል፣ ነጋዴው ምን መጠየቅ እንዳለበት፣ መሣሪያ ከስቴት ወደ ስቴት እንዴት እንደሚተላለፍ ይወስናል። ከዚያ በላይ ያለውን እያንዳንዱ ስቴት በራሱ ይደነግጋል። የትኛው ዓይነት ይከለከላል? ካዝናው ስንት ጥይት ይይዛል? ይመዘገባል ወይስ አይመዘገብም? ታጥቆ መውጣት ይቻላል? ለእነዚህ ጥያቄዎች ሃምሳ አንድ መልስ አለ፣ ዋና ከተማዋን ዋሽንግተን ዲሲን ጨምሮ።

ጋርላንድ ያለው ነጋዴ ሲሸጥላችሁ ያረጋገጠው የፌዴራሉንና የቴክሳስን ሕግ ነው። ደረሰኙ ስለ ሜሪላንድ የሚለው ነገር የለም። መንጃ ፈቃድ የትም ስቴት ይሠራል፣ የመኪና ታርጋም እንደዚሁ፣ ስለዚህ ሰው መሣሪያም እንደዚያ ይመስለዋል። አይደለም። ቴክሳስ ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2021 ጀምሮ 21 ዓመት የሞላውና በሕግ ያልተከለከለ ሰው ያለ ፈቃድ ሽጉጥ ታጥቆ እንዲሄድ ትፈቅዳለች። ያው ሰው፣ ያንኑ ሽጉጥ ወገቡ ላይ እንደታጠቀ ሜሪላንድ ቢገባ ወንጀል ሠርቷል። የቴክሳስ የመታጠቅ ፈቃድ ካርድ ቢኖረውም አያድነውም። ሜሪላንድ የሌላ ስቴት ፈቃድ አትቀበልም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ የቤት ኪራይ ውል ከመፈረም በፊት የሚሠራ ነው። ያላችሁን መሣሪያ ዓይነቱን፣ ሞዴሉንና የካዝናውን መጠን ወረቀት ላይ ጻፉ። ከዚያ የምትሄዱበትን ስቴት የፖሊስ ወይም የጠቅላይ ዓቃቤ ሕግ ድረ ገጽ ክፈቱና አንድ በአንድ አመሳክሩ። የጓደኛ ወሬ እዚህ ላይ አይሠራም። ጓደኛችሁ ከአምስት ዓመት በፊት የነበረውን ሕግ ሊነግራችሁ ይችላል።

የአክስቴን ልጅ ዝርዝር ይዘን ሜሪላንድን እንያት።

ሜሪላንድ ከኦክቶበር 1 ቀን 2013 ጀምሮ በስም የዘረዘረቻቸውን ጠመንጃዎች ወደ ስቴቱ ማስገባት ከልክላለች። ዝርዝሩ ላይ ኤኬ 47፣ ማለትም ክላሽ፣ በማናቸውም መልኩ ተብሎ ሰፍሯል። ክላሹ በዚህ ቀረ። ኤአር 15ም ከነተመሳሳዮቹ አለበት። የኮልት ፋብሪካ የሚሠራው ከባድ በርሜል (አፈሙዝ) ያለው አንድ ሞዴል ብቻ በስም ተለይቶ ወጥቷል። "ሕገ መንግሥቱ ይፈቅዳል፣ ይህ ሕግ በፍርድ ቤት ይወድቃል" የሚሉ ሰዎች ትሰሙ ይሆናል። ተሞክሯል። የአራተኛው ወረዳ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2024 ሕጉን አጽንቶታል፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በጁን 2025 ጉዳዩን አላይም ብሏል። ወደፊት ምንም ይሁን ምን፣ ዕቃ በሚጫንበት ቀን የሚሠራው የዚያን ቀን ሕግ ነው።

ሁለቱ ሽጉጦች ይገባሉ። ግን መመዝገብ አለባቸው። ነዋሪ ለመሆን ወደ ሜሪላንድ የገባ ሰው ሽጉጦቹን ነዋሪነቱ በጀመረ በ90 ቀን ውስጥ በሜሪላንድ ስቴት ፖሊስ ዘንድ ማስመዝገብ ግዴታው ነው። 90 ቀን ብዙ ይመስላል። ዕቃ ሲፈታ፣ ልጆች ሲመዘገቡ፣ ሥራ ሲጀመር ግን ሳይታወቅ ያልቃል። ደግሞም ነዋሪነት የጀመረው ውል የተፈረመ ቀን ነው ወይስ ሰው የገባ ቀን የሚለው ክርክር ውስጥ ለምን ትገባላችሁ? እንደ ደረሳችሁ ጀምሩት።

ካዝና ላይ የሜሪላንድ ሕግ ትንሽ ግር ይላል። ከ10 ጥይት በላይ የሚይዝ ካዝና እዚያ መሸጥ፣ መግዛትና ማስተላለፍ ክልክል ነው። ከሌላ ስቴት ይዛችሁት የገባችሁትን ቤታችሁ ማስቀመጥ ግን አልተከለከለም። ይህን የምነግራችሁ የሜሪላንድን ብቻ ነው። ካሊፎርኒያ ላይ ያንኑ ካዝና ይዛችሁ ብትገቡ ነገሩ ሌላ ነው።

አሁን መንገዱ።

የአክስቴ ልጅ መኪናውን ራሱ ሊነዳ ወሰነ። ጥሩ አደረገ። ዕቃ አጓጓዥ ድርጅቶች ጥይትን አደገኛ ዕቃ ብለው ስለሚመድቡት አይጭኑም። መሣሪያውን የሚጭኑ ቢኖሩም ቀድሞ ተነግሯቸው፣ መለያ ቁጥሩ ተመዝግቦ ነው። ትልልቆቹ የጥቅል አመላላሽ ድርጅቶች ደግሞ መሣሪያ የሚቀበሉት ፈቃድ ካላቸው ነጋዴዎች እንጂ ከእንደ እኔና እናንተ ዓይነት ሰው አይደለም። በአውሮፕላን ከሆነ፣ ጥይት ያልጎረሰ፣ የተቆለፈ ጠንካራ ሳጥን ውስጥ፣ በሚመዘነው ሻንጣ፣ ቆጣሪው ላይ "መሣሪያ አለኝ" ተብሎ ተነግሮ ነው። በእጅ ቦርሳ ፈጽሞ አይሞከርም።

በመኪና ለሚሄድ ሰው በ1986 የወጣ የፌዴራል ሕግ አለ። ሰዎች "የሰላም መተላለፊያ" እያሉ ይጠሩታል። የሚለው ይህን ነው፦ መሣሪያው በሕግ ከሚፈቀድላችሁ ቦታ ተነሥታችሁ በሕግ ወደሚፈቀድላችሁ ቦታ የምትሄዱ ከሆነ፣ በመካከል ያለው ስቴት ሕጉ ጥብቅ ቢሆንም ማለፍ ትችላላችሁ። ግን መሣሪያው ጥይት ያልጎረሰ መሆን አለበት። መሣሪያውም ጥይቱም ከተሳፋሪ እጅ የራቀ መሆን አለበት። መኪናው ለብቻው የተለየ የዕቃ ማስቀመጫ ከሌለው፣ እንደ ኤስዩቪና ሚኒቫን ማለት ነው፣ የተቆለፈ ሳጥን ውስጥ ይሁን። ክሩስኮቱ ላይ ያለችው መሳቢያና በሁለቱ ወንበሮች መካከል ያለችው ሳጥን ብትቆለፍም አትቆጠርም። ሕጉ እነሱን ለይቶ አውጥቷቸዋል።

"ከሚፈቀድላችሁ ቦታ ወደሚፈቀድላችሁ ቦታ" የሚለውን ደግማችሁ አንብቡት። ክላሹ ሜሪላንድ ውስጥ አይፈቀድም። ስለዚህ ሳጥን ውስጥ ቢቆለፍም፣ ጥይት ባይጎርስም፣ ይህ ሕግ ክላሹን ይዞ ሜሪላንድ ለሚገባ ሰው ምንም አያደርግለትም። የመጨረሻው ማረፊያ ሕጋዊ ካልሆነ ጉዞው ሁሉ ሽፋን አጣ ማለት ነው።

ሁለተኛም፣ ይህ ሕግ የሚሸፍነው መንገድ ላይ ያለን ሰው ነው። በ2005 አንድ የዩታ ሰው ወደ ፔንሲልቬኒያ ሲበር ኒው ጀርሲ፣ ኒውዋርክ ላይ ተቀያሪ አውሮፕላን አመለጠው። መሣሪያ ያለበት ሻንጣው ተሰጠውና ሆቴል አደረ። በማግሥቱ አየር ማረፊያ ተመልሶ ልክ እንደ ሕጉ "መሣሪያ አለኝ" ብሎ ተናገረ። ታሰረ። ክሱ በኋላ ተነሣለት። እሱም ከሰሰ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2010 ግን አልፈረደለትም። ሌሊቱን ሆቴል ውስጥ ሻንጣው እጁ ላይ ስለነበር የሰላም መተላለፊያው አይሸፍነውም አለ። ሰውዬው ያጠፋው ነገር የለም ብዬ ነው የማስበው። አውሮፕላን ነው ያመለጠው። ግን ሕጉ እንዲህ ነው የተተረጎመው። ስለዚህ ጥብቅ ስቴት ውስጥ ዘመድ ጠይቄ፣ አድሬ፣ ቡና ጠጥቼ እሄዳለሁ የሚባል ነገር የለም። ማደር ካለባችሁ ሕጉ የሚፈቅድበት ስቴት እደሩ።

የአክስቴ ልጅ ያደረው አንድ ቀን ቴነሲ፣ አንድ ቀን ቨርጂኒያ ነው። ከዳላስ በ30 ቁጥር አውራ ጎዳና ወደ ሊትል ሮክ፣ ከዚያ በ40 ሜምፊስንና ናሽቪልን አልፎ በ81 ወደ ላይ። ከመነሣቱ በፊት በቪዲዮ አሳየኝ። ሽጉጦቹን አንድ በአንድ ካዝናቸውን አወጣ። ጥይት የሚጎርሱበትን ክፍል ስቦ ውስጡን በጣቱ ዳሰሰ። ባዶ ናቸው። ጠንካራ ጥቁር ሳጥን ውስጥ አስገብቶ ሁለት ቁልፍ ቆለፈበት። ጥይቱ በሌላ ሳጥን። ሁለቱንም ከሚኒቫኑ ኋላ፣ ከልጆቹ ሻንጣ ሥር አደረገ። የሳጥኑን ቁልፍ ከመኪናው ቁልፍ ለይቶ ቦርሳው ውስጥ ከተተ። መለያ ቁጥሮቹን ደብተር ላይ ጽፎ ፎቶ አነሣቸው። ይህን ሁሉ ሲያደርግ ሩብ ሰዓት አልፈጀበትም።

በ495 ፖቶማክን የሚሻገረው የአሜሪካን ሌጅን ድልድይ ላይ ሲደርስ ከቨርጂኒያ ወጥቶ ሜሪላንድ ገባ። ድልድዩን ለመሻገር ደቂቃ አይሞላም። ከድልድዩ ወዲህና ወዲያ ያለው ሕግ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። ሜሪላንድ ሽጉጥ በመኪና እንዲንቀሳቀስ የምትፈቅደው ለተቆጠሩ ምክንያቶች ነው። ከመኖሪያ ወደ መኖሪያ መውሰድ አንዱ ነው፣ እሱም ጥይት ሳይጎርስ፣ መያዣ ውስጥ ሆኖ። ስለዚህ ከድልድዩ በቀጥታ ወደ አፓርታማው ሄደ። "እግረ መንገዴን ሬስቶራንት ጎራ ልበል" ሲለኝ "ቤትህ አስገባውና ና፣ ጥብሱ ይጠብቅሃል" አልኩት።

ዲሲን እንዲሸሽም ነግሬው ነበር። ዲሲ እያንዳንዱ መሣሪያ በከተማው ፖሊስ እንዲመዘገብ ታስገድዳለች። ጥይት ብቻ መያዝ እንኳ፣ የተመዘገበ መሣሪያ ለሌለው ሰው ወንጀል ነው። ከተኩስ ልምምድ የተረፈች አንዲት ጥይት መኪና ምንጣፍ ሥር ብትገኝ ችግር ናት። እዚህ አካባቢ ያለን ሰዎች ቨርጂኒያ እየኖርን ዲሲ ታክሲ እንነዳለን፣ ዲሲ እየሠራን ሜሪላንድ እናድራለን። በደቡብ በኩል ያለው የዊልሰን ድልድይ ራሱ መሐሉ ላይ የዲሲን ጫፍ ይነካል። እዚህ አገር ሰው በቀን ሦስት ሕግ ውስጥ ሊገባና ሊወጣ ይችላል።

የጭነት መኪና ለምትነዱ ወንድሞችና እህቶች አንድ ቃል። የከባድ መኪና ጋቢና ለብቻው የተለየ ማስቀመጫ የለውም፣ ስለዚህ ሳጥኑ የተቆለፈ መሆን አለበት። ግን ከዚያ በፊት ኒው ጀርሲ ዕቃ አራግፋችሁ፣ ተኝታችሁ፣ ሌላ ዕቃ ጭናችሁ የምትወጡ ከሆነ ያ ማለፍ ነው ወይስ መቆየት? እኔ ብሆን መሣሪያውን ቤት ትቼ እወጣለሁ። የምትሠሩበት ድርጅት ደንብም ሊከለክል ይችላል።

የእኛ ሰው በብዛት ስላለባቸው ሌሎች ቦታዎች ፈጠን ብዬ ልለፍ። ሲያትል የምትገቡ፦ ዋሽንግተን ስቴት ከ10 ጥይት በላይ የሚይዝ ካዝና ማስገባት ከጁላይ 1 ቀን 2022 ጀምሮ፣ የኤአር ዓይነት ጠመንጃ ማስገባት ደግሞ ከ2023 ጀምሮ ከልክላለች። ሎስ አንጀለስ የምትገቡ፦ አዲስ ነዋሪ በ60 ቀን ውስጥ መሣሪያውን ለካሊፎርኒያ ፍትሕ ቢሮ ማሳወቅ አለበት፣ የተከለከሉትን ጠመንጃዎችና ከ10 በላይ የሚይዝ ካዝና ግን ጭራሹን አታስገቡ። ዴንቨርና አውሮራ፦ የኮሎራዶ የካዝና ገደብ 15 ነው። ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ ደግሞ ሰው በሌለበት መኪና ውስጥ የሚተው ሽጉጥ በተቆለፈ ጠንካራ ሳጥን፣ ከዓይን ተሰውሮ፣ መኪናውም ተቆልፎ መሆን አለበት። ኒው ዮርክ ሽጉጥ ለመያዝ ብቻ፣ ቤት ለማስቀመጥም ቢሆን፣ መጀመሪያ ፈቃድ ማውጣት ያስፈልጋል። የኒው ዮርክ ከተማ ፈቃድ ደግሞ ለብቻው ነው። ፈቃዱ ወራት ሊፈጅ ስለሚችል ሽጉጡ ከእናንተ በኋላ ነው የሚገባው። ሃዋይ የሚሄድ ካለ፣ ምዝገባው በ5 ቀን ውስጥ ነው።

ቨርጂኒያ ከጎረቤቶቿ ስትነጻጸር ቀላል ሆና ኖራለች። ተራ ሽጉጥ አይመዘገብም፣ ሸሽጎ የመታጠቅ ፈቃዱም የሚወጣው ከሰርኪዩት ፍርድ ቤት ነው። ግን የቨርጂኒያ ምክር ቤት በየጃንዋሪው ይሰበሰባል፣ አዲስ ሕግ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ጁላይ 1 ላይ ሥራ ይጀምራል። ወደዚያ የምትሄዱት በበጋው ከሆነ የአምናውን ሕግ ይዛችሁ አትሂዱ።

በተቃራኒው ከሜሪላንድ ወደ ቴክሳስ ወይም ጆርጂያ የምትሄዱ ይቀላችኋል። ምዝገባ የለም። ግን ልቅ ነው ማለት አይደለም። ቴክሳስ ውስጥ በር ላይ ቀይ 51 ፐርሰንት የሚል ምልክት የተለጠፈበት ቤት ገቢው በአብዛኛው እዚያው ከሚጠጣ መጠጥ ነው፣ ታጥቆ መግባት ከባድ ወንጀል ነው። ቅዳሜ ማታ ጭፈራ ቤት ስትገቡ በሩን አንብቡ።

በርሜሉ ያጠረ ጠመንጃ ወይም አውቶማቲክ ያለው ሰው ጉዳዩ ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው። ከስቴቱ ከማውጣቱ በፊት መሣሪያን ለሚቆጣጠረው የፌዴራል መሥሪያ ቤት፣ ለኤቲኤፍ፣ ቅጽ 5320.20 ሞልቶ ፈቃድ መቀበል አለበት።

ወደ ክላሹና ኤአሩ ልመለስ። የአክስቴ ልጅ የመጀመሪያ ሐሳቡ "ቨርጂኒያ ያለው ወንድሜ ጋር ይቀመጥልኝ" ነበር። እኛ ዘንድ ይህ ተራ ነገር ነው። ዕቃ ለወንድም ይሰጣል፣ ለአጎት ይሰጣል፣ ማን ይጠይቃል? እዚህ ግን በተለያየ ስቴት የሚኖሩ ሁለት ሰዎች፣ ወንድማማችም ቢሆኑ፣ መሣሪያ ሲሰጣጡ ፈቃድ ባለው ነጋዴ በኩል መሆን አለበት። ከእጅ ወደ እጅ ከሆነ የፌዴራል ወንጀል ነው። ሽያጭም ስጦታም ያው ነው።

"የአጎቴ ነው" የሚለው እንደማያድን የሚያሳይ አንድ ጉዳይ አለ። አብራምስኪ የሚባል የቀድሞ ፖሊስ ቨርጂኒያ ውስጥ ሽጉጥ ገዛ። ገንዘቡን የሰጠው ፔንሲልቬኒያ የሚኖር አጎቱ ነው። አጎትየው ራሱ መግዛት የሚችል፣ ምንም ክልከላ የሌለበት ሰው ነበር። ሽጉጡንም በነጋዴ በኩል ነው ያስተላለፈለት። ጥፋቱ ነጋዴው በሚያስሞላው የመግዣ ቅጽ ላይ "ትክክለኛው ገዢ አንተ ነህ?" ለሚለው ጥያቄ አዎ ማለቱ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2014 በ5 ለ4 ድምፅ ጥፋተኛነቱን አጸና። ስለዚህ "አንተ ወረቀት አለህ፣ ለእኔም ግዛልኝ" ሲባል እሺ አትበሉ። ወንድማዊ ይመስላል፣ ግን እስር ቤት ያስገባል።

ሁለቱን ጠመንጃዎች እዚያው ጋርላንድ ላለ ፈቃድ ያለው ነጋዴ ሸጣቸው። ኤአሩ ብዙም አልከበደው። ክላሹ ግን ከበደው። "ሰደፉን እጄ ላይ ሳደርገው አባቴ በር ላይ ቆሞ የነበረው ነው የሚመጣብኝ" አለኝ። ምን እንደምለው አላወቅኩም። ያለ ክርክር ሸጠው።

አሁን ቅድም ያልኩት ቦታ ደረስን፣ ጠበቃ የሚያስፈልግበት። ይህን ክፍል ዜግነት የሌላችሁ በደንብ አንብቡት፣ ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቀኝ እሱ ነውና።

ግሪን ካርድ ያለው ሰው በፌዴራል ሕግ መሣሪያ መግዛትና መያዝ ይችላል። የመግዣው ቅጽ ላይ የኤሊየን ቁጥሩን፣ ማለትም የኢሚግሬሽን መለያ ቁጥሩን፣ ይጽፋል፣ አለቀ። በተማሪ፣ በጎብኚ ወይም በሥራ ቪዛ ያለ ሰው ግን፣ እንደ አደን ፈቃድ ያሉ ጠባብ ልዩ ሁኔታዎች ካልኖሩ፣ ጥይትም ቢሆን መያዝ አይችልም። ወረቀት የሌለው ሰው ፈጽሞ አይችልም። ጥገኝነት ጠይቃችሁ ውሳኔ የምትጠብቁ ከሆነ መሣሪያ ከመንካታችሁ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ አነጋግሩ።

ለግሪን ካርድ ባለቤት ዋናው አደጋ ይኸውላችሁ። የኢሚግሬሽን ሕጉ በመሣሪያ ወንጀል የተፈረደበትን ዜጋ ያልሆነ ሰው ከአገር ለማስወጣት ራሱን የቻለ ምክንያት አድርጎ አስቀምጦታል። መግዛት፣ መሸጥ፣ መያዝ፣ ታጥቆ መሄድ፣ ማናቸውም ሕግን ከጣሰና ከተፈረደበት ይበቃል። ሰው መጎዳት የለበትም። ትልቅ ወንጀል መሆን የለበትም። አሜሪካ የተወለደ ሰው የሙከራ ጊዜ ተሰጥቶት በሚረሳው ጥፋት፣ አንድ አበሻ አሥራ አምስት ዓመት ከኖረበት አገር ሊባረር ይችላል። ስቴት ሲቀየር የሚፈጸመው ስሕተት ደግሞ ልክ እንደዚህ ዓይነት ነው። ክፉ ሐሳብ የለውም፣ ያልተመዘገበ ሽጉጥ ነው፣ ወንበር ሥር የተረሳ ሽጉጥ ነው።

ዓቃቤ ሕግ "እመንና በቀላሉ እንለቅሃለን" ሊል ይችላል። ዳኛውም "መዝገብህ ላይ ጥፋተኛ አልልህም" ሊል ይችላል። ጥፋታችሁን አምናችሁ አንድ ዓይነት ቅጣት ወይም ገደብ ከተጣለባችሁ፣ ስቴቱ ጥፋተኛ ባይላችሁም ኢሚግሬሽን ጥፋተኛ ብሎ ሊቆጥረው ይችላል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2010 የወንጀል ጠበቃ ለደንበኛው የመባረር አደጋ እንዳለበት መንገር ግዴታው ነው ብሎ ወስኗል። ስለዚህ "ዜጋ አይደለሁም" ብላችሁ ለጠበቃችሁ በመጀመሪያው ቀን ንገሩት። ካልነገራችሁት ዘዬአችሁን ሰምቶ ብቻ ላያውቅ ይችላል። ምንም ነገር ከመፈረማችሁ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃም ይየው።

ጫትንም ሳላነሣ አላልፍም። የመግዣው ቅጽ ማሪዋናንም ሆነ ሌላ ቁጥጥር የሚደረግበትን ንጥረ ነገር ከሕግ ውጭ ትጠቀማለህ ወይ ብሎ ይጠይቃል። ትኩስ ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን በፌዴራል ሕግ ከተከለከሉት የመጀመሪያ መደብ ንጥረ ነገሮች አንዱ ነው። አገር ቤት ከምሳ በኋላ የሚቃም ነገር ስለሆነ ብዙ ሰው ከዚህ ጋር አያገናኘውም። የሚቅም ሰው ያንን ጥያቄ "አይ" ብሎ ሲፈርም ምን እየፈረመ እንደሆነ ይወቅ። ማሪዋና በምትኖሩበት ስቴት ሕጋዊ ቢሆንም ፌዴራሉ እንደተከለከለ እንደሚቆጥረው ቅጹ ራሱ ያስጠነቅቃል።

የቤት ጠብም አለ። በትዳር ጓደኛ ላይ በደረሰ ጥቃት፣ ቀላል በሚባለው ደረጃም ቢሆን፣ የተፈረደበት ሰው በፌዴራል ሕግ መሣሪያ መያዝ ይከለከላል። ፍርድ ቤት የመከላከያ ትእዛዝ ያወጣበት ሰውም ትእዛዙ እስካለ ድረስ እንዲሁ። ስቴት መቀየር ይህን አያጥበውም።

ትራፊክ ካስቆማችሁ እጃችሁ መሪው ላይ ይታይ። በአንዳንድ ስቴት ሳትጠየቁ መሣሪያ እንዳለ መናገር ግዴታ ነው፣ ስለዚህ የምታልፉባቸውን ስቴቶች ቀድማችሁ ተመልከቱ። ከተናገራችሁ በዝግታ ተናገሩ፣ እጃችሁን ግን ወደ ሳጥኑ አትስደዱ። ቋንቋው ለሚያስቸግራቸው ወላጆች ዓረፍተ ነገሩን ቀድማችሁ አስጠኗቸው።

የአክስቴ ልጅ ሲልቨር ስፕሪንግ በገባ በሁለተኛው ሳምንት የሜሪላንድ መንጃ ፈቃዱን አወጣ። በዚያው ሰሞን ሁለቱን ሽጉጦች ለስቴት ፖሊስ ለማስመዝገብ አመለከተ። ደብተሩ ላይ የጻፋቸው መለያ ቁጥሮች ጠቀሙት፣ ሳጥኑን እንኳ መክፈት አላስፈለገውም። ልጆች ስላሉት ቁም ሣጥን ውስጥ የሚታሰር፣ ሽጉጦቹን የሚቆልፍበት የብረት ሣጥን ገዛ። ሜሪላንድ ጥይት የጎረሰ መሣሪያ ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ ሊያገኘው በሚችልበት ቦታ መተውን በወንጀል ትጠይቃለች። የምዝገባው ማረጋገጫ ሲመጣለት ኮፒውን ከሽጉጦቹ ጋር አስቀመጠው፣ ዋናውን ከፓስፖርቶቹ ጋር።

የሜሪላንድን የመታጠቅ ፈቃድ ገና አላወጣም። ለመጀመሪያ ጊዜ አመልካች የ16 ሰዓት ሥልጠና ይጠይቃል፣ ሚስቱ ቅዳሜ ትሠራለች፣ ልጆቹን የሚይዝ የለም። እስከዚያው ሽጉጡ ከቤት የሚወጣው ለተኩስ ልምምድ ብቻ ነው። ጥይቱ ወጥቶ፣ ሳጥኑ ተቆልፎ፣ ከቤት ወደ መተኮሻው፣ ከመተኮሻው ወደ ቤት። ነዳጅ መቅዳት ካለበት በዋዜማው ይቀዳል።